የክሱ ባለቤት

ጠራዡ የሞተው ለሰባተኛው ቀጠሮ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የገደለው ግን የተቆረጠው እጁ አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ሊያደርግ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው በካልሲ እንደሆነ ወደ ጎን ጋደም ብሎ አየችው። የደከመው መስሏት «ተነሣ እንጂ፣ ይረፍድብሃል» አለችው። ሁለት ጊዜ አለችው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው የሞተበት ሁሉ ያውቀዋል።

ተለቀሰ፣ ተቀበረ፣ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ገባ። በአሥራ አንደኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ የመዝገቡ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ ወደ ፍርድ ቤት ተነሣች። መድኃኒት ቤት የምትሠራው አንድ ልጇ በር ላይ ቆማ፣ አባዬ ከሞተ በኋላ ማን ሊከስ ነው አለቻት። ቀጠሮው የሱ ነው፣ እሱ ካልቻለ እኔ እሄዳለሁ ብላ መለሰችላት። ሕግ አታውቅም፤ ሳታውቀው ግን ሕጉን ቀድማው ነበር።

ጠራዡ በአንድ ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ያልጠረዘው ነገር አልነበረም፦ መዝገበ ቃላቱን፣ የጸሎት መጽሐፉን፣ የተማሪ ደብተሩን፣ አንድም አንባቢ ያላገኘውን ልብ ወለድ ሁሉ። መጽሐፍ ሲሰጡት ርእሱን ከማንበቡ በፊት ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ክሩ ላልቶ ካገኘው ደራሲውን ሳይቀር ይታዘበዋል። ቤቱ ውስጥ ዝምተኛ፣ ሥራው ላይ ነዝናዛ፣ ሰው ፊት ደግሞ ከልክ በላይ ጨዋ ነበር። ይህ ጨዋነቱ ኋላ ምን እንዳመጣበት እንደርስበታለን።

ወረቀት መቁረጫው ማሽን ሁለት ቁልፍ አለው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ በሁለት እጅ ካልተጫኑ ምላጩ አይወርድም፤ እንዲህ የተሠራውም ምላጩ ሲወርድ የሠራተኛው ሁለት እጅ ቁልፎቹ ላይ እንዲሆን ተብሎ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን ደብተር ሲጣደፍ ግን ፎርማኑ መጣና የቀኙን ቁልፍ በታጠፈ ካርቶን ወጥሮ በፕላስተር አሰረው። አንዱ እጅ ወረቀት እያስተካከለ ሌላው ይጫን፣ ሥራው ይፈጥናል አለ። ፈጠነም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጠራዡ ቀኝ እጅ አራት ጣቶች ከደብተሩ ጠርዝ ጋር አብረው ተቆረጡ። አውራ ጣቱ ብቻ ቀረች።

ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈ። ሠራተኛው የደህንነት ቁልፉን በገዛ እጁ በማሰር በራሱ ቸልተኝነት ለደረሰበት ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም ይላል። መጻፉ ሳያንስ፣ ለሌሎች ትምህርት ይሁን ተብሎ በጥረዛ ክፍሉ በር አጠገብ፣ መስታወት ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ውስጥ ተለጠፈ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ ግን አጥሩን ትተው ባለቤቱን ራሱን ነቀነቁት። ባልደረቦቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ጠራዡ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያች ወረቀት አለች ወይ? አለች ይሉታል፣ አንገታቸውን ደፍተው። ፍርድ ቤት የሄደውም ስለዚያች ወረቀት ነው። ጣት ተመልሶ እንደማይበቅል ያውቃል፤ ካሳ ቢሰጡት እምቢ የሚል ሰው አይደለም፤ የፈለገው ግን አንድ ዳኛ ጥፋቱ የሱ አይደለም ብሎ እንዲጽፍና ወረቀቷ ከዚያ መስታወት ውስጥ እንድትወጣ ነበር።

ክስ ተመሠረተ፤ ቀጠሮም ተጀመረ። በአንደኛው ቀጠሮ ዳኛው ስብሰባ ናቸው ተባለ። በሁለተኛው መዝገቡ አልቀረበም። በሦስተኛው የተከሳሽ ጠበቃ ታመመ፣ በአራተኛው ዳኛው ተዛወሩ፣ በአምስተኛው አዲሷ ዳኛ መዝገቡን ገና አላነበቡትም፣ በስድስተኛው መብራት ጠፋ። ጠራዡ ስድስቱንም ጊዜ ፂሙን ተላጭቶ፣ ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ስድስቱንም ጊዜ አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ ተመልሷል። ሥጋው እየቀነሰ ሲሄድ ጓደኞቹ፣ ከሳሽ መሆን ይኼው ነው፣ ያከሳል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ይስቅላቸዋል።

በሰባተኛው ቀጠሮ መዝገቡ ተነብቧል፣ መብራት አለ፣ ጠበቃውም ጤነኛ ነው። የጠፋው ከሳሹ ብቻ ነበር።

የድርጅቱ ጠበቃ ወጣት፣ ትሑት፣ ሱፉ በልኩ የተሰፋ ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ ትከሻውን አይታ ጥሩ እጅ እንዳረፈበት አወቀች። ተነሥቶ ሐዘኑን ገለጸ፤ ከሐዘኑ ቀጥሎ መቃወሚያውን አቀረበ። የአካል ጉዳት ክስ፣ አለ፣ ተጎጂው በሕይወት ሳለ ራሱ ከጀመረው ወራሾቹ ይቀጥሉበታል። ሳይጀምረው ከሞተ ግን ሕመሙም አቤቱታውም አብረውት ይቀበራሉ። ታዲያ ይህን ክስ የጀመረው ማን ነው? አቤቱታውን አንሥቶ የመጀመሪያውን መስመር አነበበ፦ «ባለቤቴ በተከሳሽ ድርጅት ውስጥ በሥራ ላይ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ…»። ባለቤቴ የምትለው ሚስት ናት። ቀጥሎ ከመዝገብ ቤቱ የተገለበጠ ገጽ አሳየ፤ «የመዝገቡ ባለቤት» በሚለው ዐምድ ሥር የተጻፈው የሚስትየዋ ስም ነው። እንግዲህ የከሰሰችው እሷ ናት። እሷ ደግሞ ጣቷ ሙሉ ነው፤ ባሏንም የገደለው ልቡ እንጂ ምላጩ አይደለም። የተጎዳው አልከሰሰም፣ የከሰሰችው አልተጎዳችም፣ ስለዚህ መዝገቡ ይዘጋ ብሎ ተቀመጠ።

ያችን መስመር ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላያትም ነበር። ሰውየው በሕይወት ሳለ ምንም አትጠቅምማ። ሲሞት ነው ዋጋ ያወጣችው።

ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም የገባት የመጨረሻው ቃል ነው። መዝገቡ ከተዘጋ ወረቀቷ እንደተለጠፈች ትቀራለች፤ ባሏም እጁን በገዛ ቸልተኝነቱ ያስቆረጠ ሰው እንደተባለ ይቀራል። ዳኛዋ ነገሩን የሚያውቁት ይቅረቡና ይሰሙ ብለው ለሁለት ሳምንት ቀጠሩ።

አውቶቡስ ውስጥ ስትመለስ ክሱ የተከፈተበት ቀን ነገር አንድ በአንድ መጣላት። ባሏ ከሆስፒታል ከወጣ ገና አሥራ ስምንት ቀኑ ነበር፤ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ትኩሳቱ አልለቀው ብሎ፣ መዝገብ ቤቱ ደረጃ ሥር ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ወረፋውን የያዘችው እሷ ናት። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሠራተኛው ቀና ሳይል ፋይሉን ተቀበላትና «ባለቤቱ ማነው?» አላት። የፋይሉን ባለቤት መጠየቁ ነው። እሷ ግን አሳቧ ሁሉ ግድግዳው ሥር ከቆመው ሰው ጋር ነበር፤ የሱን ባለቤት የጠየቃት መሰላት። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለች። ትንሽ ኮራ ብላም ነበር። ሠራተኛው ስሟን ጠይቆ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። እንግዲህ ለባል ባለቤት፣ ለሚስት ባለቤት፣ ለቤት ባለቤት፣ ለጠፋ ጃንጥላም ባለቤት የሚል ሕዝብ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጉድ ቢገጥመው ምን ይገርማል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነባት።

በማግስቱ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግተው፣ በታይፕ ሠላሳ ዓመት የሰው በደል ጽፈዋል። አንቀጹን ሁሉ «ስለሆነም» ብለው ስለሚጀምሩ ሰው ጋሽ ስለሆነም ይላቸዋል። የራሳቸው የሥራ ደንብ አላቸው፦ ፊታቸው አንድ በርጩማ አለ፣ እሳቸው የሚጽፉት በርጩማው ላይ በተቀመጠው ሰው አፍ ነው። የቆመ ሰው ይቸኩላል፣ የተቀመጠ ነው እውነት የሚያወራ ባይ ናቸው። ክሱ በተጻፈበት ቀን በርጩማው ላይ መቀመጥ የነበረበት ጠራዡ ነበር። ሊቀመጥ ዝቅ ካለ በኋላ ሚስቱ መቆሟን አየና ተነሣ። «አንቺ ተቀመጪ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል» አላት። በአርባ ዲግሪ ትኩሳት። እሷም ሰው ፊት እንዳትሟገተው ብላ ተቀመጠች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ አንድ በአንድ ነገራት፣ እሷም ለጸሐፊው ደገመችላቸው። እሳቸውም በተቀመጠችው አፍ «ባለቤቴ» ብለው ጀመሩ።

ነገሩን ስትነግራቸው ጋሽ ስለሆነም እጃቸውን ከታይፑ ላይ አነሡ።  ለሰው ወንበር በመልቀቁ ክሱን የተነጠቀ ሰው በዕድሜያቸው አላዩም። «ስለሆነም» አሉ በመጨረሻ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ መጥቼ እናገራለሁ።» በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ልብስ ሰፊዋን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ሽማግሌውም አወቁባትና አብረዋት ፈገግ አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጠበቃው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በሳምንቱ ቤቷ ድረስ መጣ። ልጇም ነበረች። ቡና አልጠጣም፣ ውሃ ይበቃኛል አለ፤ ስለ ስፌቷ ጠየቃት፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ድርጅቱ፣ አለ፣ ልበ ደንዳና አይደለም። ጥፋት የሚባል ነገር ሳይነሣ፣ እንዲያው ስለ ርኅራኄ ለቤተሰቡ የሚያደርገው አለ። ከሷ የሚፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ ክሱ ከመጀመሪያውም የሷ እንደነበረ ችሎት ፊት ታረጋግጥና ትተወው። ውሸት ተናገሪ አላላትም። በመስኮቱ ላይ አንዴ ያለችውን ቃል ድገሚ ነው ያላት።

ሲሄድ ልጅቷ ሳህን ማጠቧን ትታ ከእናቷ ፊት ተቀመጠች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አባቷን በጣም ትወድ ነበር። ግን የእናቷን ዓይን ከሁሉም የምታውቀው እሷ ናት። እናቷ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቆመች ዓመት ሆኗታል፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰክታላት የምትሄደው ልጅቷ ናት።

«እማዬ፣ አባዬ ወረቀቷ ብትነሣ አያይም፤ ብትቀርም አያይም» አለቻት። «አንቺ ግን ገና ትኖሪያለሽ። አባዬ ደግሞ እስኪሞት ደህና ነኝ እንዳለ ነው። ያመመውን እንኳን ነግሮን አያውቅም።»

እናቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። ልትሰጣት የምትችለው መልስ ነበራት፤ ግን ለሱ የማለችለት ነገር ሆኖ አፏን ያዛት። የዚያን ሳምንት ብዙ ልብስ አልሰፋችም። እውነቱን ለመናገር ልቧ ወደ ጠበቃው አዘንብሎ ነበር። ሞቷል፤ ለሞተ ሰው ወረቀት ምኑ ነው እያለች ራሷን ታባብላለች። ደግሞ ባልደረቦቹ ነገ በዚያ በር ሲገቡ የሚያነቡት ስሙ ይመጣባትና አዲስ ልብስ ትጀምራለች፣ ጀምራ ትተወዋለች።

ቀጠሮው ደረሰ። የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሦስት አግዳሚ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት፣ ከዳኛዋ በታች ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ። ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀረበ። በቀን መቶ ሰው አስተናግዳለሁ፣ ሴትዮዋን አላስታውሳትም፣ ግን ባለቤቱ ማነው ብዬ ሳልጠይቅ ጽፌ አላውቅም፤ የተጻፈው የተባልኩት ነው አለ። እውነቱን ነው። ከሱ ቀጥሎ ጋሽ ስለሆነም ኮት ለብሰው መጡ። ስለ በርጩማው ተናገሩ፣ ስለ ደንባቸውም ተናገሩ። ጠበቃው ታዲያ በሕግ ፊት የሚናገረው የተቀመጠው ነው ወይስ የተጎዳው ብሎ ሲጠይቃቸው ተናደዱና፣ በሕግ ፊት ሁሉም ሰው ቆሞ ነው የሚናገረው፣ እርስዎም ቆመው ነው የሚጠይቁኝ አሉት። ዳኛዋ ከንፈራቸውን ነክሰው ወረቀታቸውን አገላበጡ።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ተጠራች። እስከ ተጠራችበት ደቂቃ ድረስ የምትለውን አልቆረጠችም ነበር። ዳኛዋ በዝግታ ጠየቋት።

«መዝገብ ቤት መስኮት ላይ "ባለቤቱ እኔ ነኝ" ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምን ማለትዎ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋን መልሱን ማግኘት ያሰበችውን ያህል አልከበዳትም። የጠየቋት ምን አልሽ ብለው አይደለም፤ ምን ማለትሽ ነበር ብለው ነው። «ሚስቱ ነኝ ማለቴ ነው» አለች። «የሱ ባለቤት ነኝ እንጂ የሕመሙ ባለቤት አይደለሁም። እኔ አንድም ቀን እጄን አላመመኝም።»

ዳኛዋ አቤቱታውን አነሡ። ከሥሩ፣ የታይፑ ጽሑፍ ካለቀ በኋላ አንድ የተጣመመ ጭረት አለ፤ ፊደል ልሁን ብሎ ሳይሆንለት የቀረ። የማን ፊርማ እንደሆነ ጠየቁ። የሱ ነው አለቻቸው፤ በግራ እጁ ጽፎ የማያውቅ ሰው ነበር፤ በሷ ጀርባ ላይ ወረቀቱን አስደግፎ፣ ላብ እያጠመቀው ሦስቴ ሞክሮ ነው የፈረመው። እኔ ልፈርምልህ ስትለው የኔ ነገር ነው ብሏታል። ጠበቃው ተነሥቶ ይህ ፊርማ ሊነበብ አይችልም አለ። ዳኛዋም እንደማይነበብ ተስማሙ።

«ሰው በማያውቀው እጁ ሦስቴ ሞክሮ የሚፈርመው የሌላ ሰውን ጉዳይ አይመስለኝም» አሉ፤ ቀጥለውም ለጸሐፊው አስጻፉት። ክሱን በሕይወት ሳሉ የጀመሩት ሟች ራሳቸው ናቸው። ሚስት ያስጻፈችውና የተናገረችው ስለ እሳቸው ነው። ክሱ ከሳቸው ጋር አልሞተም፤ ወራሾቻቸው በቦታቸው ገብተው ይቀጥላሉ።

የመጨረሻው ፍርድ ከዚያ ወዲህ አራት ወር ፈጅቷል። የጥረዛ ክፍል ሰዎች አንድ በአንድ ቀርበው ካርቶኑን ማን እንዳጠፈው፣ ፕላስተሩን ማን እንደቆረጠው ተናግረዋል፤ ጥፋቱም የድርጅቱ ተብሏል፣ ያች ወረቀትም ወርዳለች። ግን ይህ ሁሉ የተገኘው በዚያ ጠዋት ነው፤ በዚያ ጠዋት ደግሞ ገና አንድ ነገር ቀርቶ ነበር።

ጠበቃው አልተቀመጠም። እሺ፣ አለ፣ ክሱ የሟች ይሁን፣ ይቀጥልም። ነገር ግን ከሳሽ ስለ ሕመምና ስለ ሥቃይ ነው የጠየቀው። ሕመም ደግሞ በሰውየው ሥጋ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የሐኪሙ ማስረጃ ቁስሉ በስድስት ሳምንት ድኗል ይላል። ከዚያ በኋላ ሟች አንድም ጊዜ ወደ ሐኪም አልሄዱም፣ ለማንም አመመኝ አላሉም። የሚናገርላቸው ከሌለ ክሱ መቀጠሉ ለስሙ ነው። ይህን ያለው በክፋት አይደለም፤ ሥራውን ነው የሠራው። ግን ኋለኛው አግዳሚ ላይ ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ራሷ ቤት ውስጥ ያለችውን ነው በሰው አፍ የሰማችው።

ዳኛዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። ስለ ባለቤትዎ ሕመም የሚያውቁት ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቋት።

አለ። ግን አስምሏታል። ለሰው እንዳትነግሪ፣ ለልጄማ ፈጽሞ፣ አባቷ አበደ ትላለች ብሏታል፤ እሷም እሺ ብላ ከአፏ ሳይወጣ ቀብራዋለች። ዝም ብትል መሐላዋን ትጠብቃለች፣ ሕመሙ ግን ያልነበረ ይሆናል። ወደ ኋላ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። ከዚያ መሐረቧን ጨብጣ ጀመረች።

«ከሰዓት በኋላ እኔ ስሰፋ አጠገቤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል» አለች። «ክንዱን የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ "እስቲ ትንሿን ጣቴን እከኪልኝ" ይለኛል።»

«የቷን ጣት?» አሉ ዳኛዋ።

«የሌለችውን። ትንሿን። ታሳክከዋለች፣ ታቃጥለዋለች። መጀመሪያ ቀን የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው አይደለም።»

«እርስዎስ ምን ያደርጋሉ?»

«አክለታለሁ። ጣቱ ብትኖር ኖሮ የምታርፍበት ቦታ ላይ ጠረጴዛውን አከዋለሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያለ ይመራኛል። ቦታዋን ሳገኛት "እሷ ናት" ይላል፣ ፊቱም ይፈታል። የማላገኛት ቀን አለ። ያን ቀን ያለቅሳል፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ልጃችን ከሥራ እስክትመለስ። ስትመጣ ፊቱን ታጥቦ ደህና ነኝ ይላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው። የጠረጴዛው ቀለም እዚያ ጋ ለቋል፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።»

ጠበቃው የሚጠይቀው እንዳለ ተጠየቀ። የለኝም አለ። የችሎቱ ጸሐፊ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ እንዳነሣ ቀርቶ ነበር፤ ወደ ዳኛዋ ቀና አለ። ይህን የማን ቃል ብሎ እንደሚመዘግበው አላወቀም፤ የምስክር ልበል ወይስ የወራሽ ብሎ ጠየቀ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የከሳሽ ብለህ ጻፍ» አሉት።